የአባትሽ ሸሚዝ ኮሌታ ለምን ተንጋደደ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ከአክስቴ የደረሰችኝ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር አለችኝ። ቀሚስ፣ የትራስ ልብስ፣ የልጆች ቁምጣ ሰፍቼባታለሁ። ለፋሲካ ለአባቴ ባለ ኮሌታ ነጭ ሸሚዝ በእጄ ልሰፋለት ብዬ በአሮጌ አንሶላ ሞከርኩ። አካሉ ደህና ሆነ። ኮሌታው ግን አንዱ ጫፍ ከሌላው በአንድ ጣት ከፍ አለ፤ ከአንገቱ ሥርም ተጨማደደ። ሦስት ጊዜ ተረተርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ባሰበት። ኮሌታ አሰፋፍ ያስተምሩኝ። የአባቴን አሮጌ ሸሚዝ ተርትሬ ልኩን ብወስድስ ያዋጣል?»

ልጄ፣ አራተኛ ጊዜ አትተርትሪው። ደብረ ማርቆስ በረንዳ ላይ መኪና ዘርግቼ መስፋት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፤ ተለማማጅም ብዙ አሠልጥኛለሁ። ኮሌታው ተንጋድዶ የመጣልኝን ሸሚዝ ሁሉ ስመረምር ጥፋቱን ኮሌታው ላይ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው። ጥፋቱ የሚገባው ቀደም ብሎ፣ ጨርቁ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ፣ መቀሱ የአንገቱን ዙሪያ ሲዞር ነው። ስለዚህ የኮሌታ አሰፋፍ ብቻ ብነግርሽ አራተኛውም እንደ ሦስቱ ይሆንብሻል። ከአንገቱ ዙሪያ ልጀምርልሽ።

ያንን የአንሶላ ሸሚዝ አንሺና ኮሌታውን ፈትተሽ ወደ ጎን አስቀምጪው። ሜትርሽን በአንገቱ የተቆረጠ ጠርዝ ላይ አዙረሽ ለኪ። ቀጥለሽ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ አካሉ ገባ ብለሽ፣ ስፌቱ ያለፈበትን መስመር ለኪ። ሁለቱ እኩል አይመጡም። የአንገት ዙሪያ በጨርቁ መካከል የተከፈተ ክብ ነውና፣ ከጠርዙ እየራቅሽ ወደ አካሉ በገባሽ መጠን ዙሪያው ይሰፋል። ሙሉ ክብ ቢሆን በ1 ሳንቲ ሜትር መግባት ብቻ ዙሪያውን ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ያሳድገዋል። አንቺ የኮሌታውን ሥር የቆረጥሽው በጠርዙ ልክ ከሆነ፣ ለሰፊ አንገት ጠባብ ቁራጭ ሰጥተሽዋል ማለት ነው። ትርፉ ጨርቅ መሄጃ ያጣና ከአንገቱ ሥር ይጨማደዳል። አንቺ ደግሞ እንዲገጥም ብለሽ በአንድ በኩል ሳብ ታደርጊዋለሽ፤ የተሳበው ወገን ኮሌታውን ይዞት ከፍ ይላል። የአንድ ጣቷ ልዩነት የመጣችው ከዚህ ነው።

እንግዲህ የአንገት ልክ ሁልጊዜ የሚወሰደው በስፌቱ መስመር ላይ ነው። ሜትሩን ጨርቁ ላይ አታስተኚው፤ በራሱ በሜትሩ ጠርዝ አቁመሽ በስፌቱ መስመር ላይ አስኪጂው፤ ክቡን ተከትሎ ይታጠፍልሻል። ሌላም ምክር አለኝ፦ ለአንገት ዙሪያ የምትተይው የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ መስመር እስከ ጠርዙ ያለው ጨርቅ) 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል አይሁን። 7 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ትርፉ ባነሰ ቁጥር በጠርዙና በስፌቱ መስመር መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል፤ ለመስፋትም ይታዘዝልሻል።

ሁለተኛው ጠላት መለጠጥ ነው። ከሸማኔ ቤት ያየሽውን ድርና ማግ አስቢ። ጨርቅ በድሩ አቅጣጫ ብትስቢው አይሰጥም፤ በማጉ ትንሽ ይሰጣል፤ በሰያፍ ስትስቢው ግን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። የአንገት ዙሪያ ክብ ስለሆነ የተወሰነው ክፍሉ በሰያፍ ከመቆረጥ አያመልጥም። ከቆረጥሽው በኋላ ሸሚዙን አንስተሽ ባራገፍሽው፣ ደረትሽ ላይ አስደግፈሽ ባየሽው፣ ሦስት ጊዜም በተረተርሽው ቁጥር ያ ሰያፍ ክፍል እየሰፋ ሄዷል። ለዚህ ነው እየባሰበት የሄደው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የትከሻውን ቁራጭ (ፊትና ጀርባውን ትከሻ ላይ የሚያገናኘውን) እና ሁለቱን ፊቶች እንደቆረጥሽ፣ ከጠረጴዛው ሳታነሺ፣ የአንገቱን ዙሪያ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ በነጠላ ስፌት እሰሪው። ከትከሻው ጀምረሽ ወደ መካከል፤ በሌላኛውም ወገን እንዲሁ ከትከሻው ወደ መካከል። ይህ ስፌት ኋላ በኮሌታው ሥር ይደበቃል፤ እስከዚያ ድረስ አንገቱን ይጠብቅልሻል። ተለማማጆች ይህን ሲዘሉብኝ ሌላው ሁሉ ቢያምርም እመልሳቸዋለሁ።

አሁን ስለ አሮጌው ሸሚዝ። አዎ፣ ያዋጣል፤ እንዲያውም ከመጽሐፍ ልክ ይሻልሻል፤ የአባትሽን ትከሻ ያውቀዋልና። ግን አባትሽ አሁንም የሚለብሰው ከሆነ አትተርትሪበት። ወረቀት ላይ ዘርግተሽ ስፌቱን እየተከተልሽ በስፒል ብትወጊው ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ነጥቦቹን በእርሳስ ማያያዝ ነው። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ከተጠረገና ከተተኮሰ ከምንም ይበልጣል፤ አይቀደድም፣ አይንሸራተትም። ሸሚዙ ያለቀለት ከሆነ ግን በምላጭ ቀስ ብለሽ ተርትሪው፣ ቁራጮቹን ካውያ አድርጊባቸው፣ ከዚያ ግማሹን ብቻ ውሰጂ፦ አንድ ፊት፣ ጀርባውን በመካከሉ ያጠፍሽው እንደሆነ ግማሹን፣ አንድ እጅጌ። ሁለቱን ወገን አትቅጂ፤ የተለበሰ ልብስ ግራና ቀኙ እኩል አይቀርም። ሸክም የሚይዝበት ትከሻ፣ ዱላ የሚይዝበት እጅ አንዱን ወገን አርዝሞታል። ያንን ከቀዳሽ አዲሱም ሸሚዝ ተንጋድዶ ይወለዳል። የወሰድሽውም ንድፍ ያለ ስፌት ትርፍ መሆኑን አትርሺ።

ከአሮጌው ሸሚዝ የምታገኚው ትልቁ ሀብት አንድ ቀጭን ቁራጭ ነች። ኮሌታ ሁለት ነገር ነው፦ የሚታጠፈው ኮሌታና እሱን ከሥር ተሸክሞ አንገትን የሚከበው ቀጭን ቁራጭ። ይህን ሁለተኛውን «መቆሚያ» እያልኩ ልጥራው። ተርትረሽ ስታወጪው ቀጥ ያለ እንዳልሆነ ታያለሽ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ቀና ይላሉ፤ በመካከሉና በጫፉ መካከል ያለው ከፍታ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ 2 ይደርሳል። አንገት ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ ይቀጥናል፤ ያ ቀና ማለቱ መቆሚያውን ወደ አንገቱ ያስጠጋዋል። ቀጥ ያለ ቁራጭ ብትሰፊ ኮሌታው እንደ ቱቦ ተገትሮ ከአንገቱ ይርቃል። ብዙ ሰው ቤቱ ሲሰፋ ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ አንቺም እንደዚያ አድርገሽ ከሆነ አሁን ቀይሪው።

ልኩን በምሳሌ ላሳይሽ። የአባትሽ አንገት 39፣ ደረቱ 96፣ የእጁ አንጓ 17 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፦ ለደረቱ 12 ጨምሪ፤ 108 ይሆናል፤ አራት ላይ ሲካፈል እያንዳንዱ ሩብ 27 ነው። ለአንገቱ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጨምሪ፤ ከቁልፍ እስከ ቁልፍ ቀዳዳ 40.5። ሸሚዝ ፊት ለፊት የሚደራረበው ከመካከሉ መስመር በእያንዳንዱ ወገን በ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነውና መቆሚያው ከጫፍ እስከ ጫፍ 43.5 ሆነ። የሚታጠፈው ኮሌታ ሥር ግን 40.5 ብቻ፤ እሱ መካከሉ መስመር ላይ ያበቃል። የሸሚዙ አንገት ዙሪያም በስፌቱ መስመር ተለክቶ 43.5 መምጣት አለበት። እነዚህ ሁለት 43.5ዎች ሳይገጣጠሙ መቀስ አታንሺ። ካፉ (የእጅጌው ጫፍ የሚቆለፍበት) 17 ላይ 5 ተጨምሮ 22፣ ለመደራረቢያ 2.5፤ በድምሩ 24.5። የእጅጌውን ርዝመት ስትለኪ አባትሽ ክርናቸውን አጥፈው ይቁሙ፤ ከማጅራታቸው ጀምረሽ በትከሻው ላይ በክርኑ ዞረሽ እስከ አንጓው አጥንት ውረጂ። እጅ ተዘርግቶ የተለካ እጅጌ፣ ሰው ክንዱን ሲያጥፍ ወደ ላይ ይሸሻል።

ስለ ጨርቁ። ለመጀመሪያ ሸሚዝ ፖፕሊን ግዢ፤ ጥጥ ወይም ጥጥ የሚበዛበት። ወፍራም አይደለም፣ አይንሸራተትም፣ ካውያ ያደረግሽበትን ይይዛል። የሚያብረቀርቀውን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ተይው፤ ከካውያ ጋር አይስማማም። ስፋቱ 1.50 የሆነ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.15 የሆነ 2.75 ሜትር ያደርስሻል። ከመቁረጥሽ በፊት ግን እጠቢው። ይህን የምልሽ ከደረሰብኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሚዜ ነጭ ፖፕሊን ሳላጥብ ቆርጬ ሰፋሁ። በሠርጉ ቀን እንደ ልኩ ነበር። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ሸሚዙን ይዞ መጣ፤ የአንገቱ ቁልፍ አልደርስ አለ። ጥጥ ሲታጠብ ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ሊገባ ይችላል፤ 43 ሳንቲ ሜትር ላይ ይህ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ አንገት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ማለት ሸሚዙ አይለበስም ማለት ነው። ሌላ ጨርቅ ገዝቼ ሰፋሁለት፤ ግን የሠርጉን ሸሚዝ ልመልስለት አልቻልኩም። ሞቅ ባለ ውሃ እጠቢ፣ ጥላ ላይ አስጪ፣ ገና ትንሽ እርጥበት እያለው ተኩሺው።

ሙከራሽን በአሮጌ አንሶላ ማድረግሽ ልክ ነው፤ ግን ያረጀ አንሶላ ብዙ ታጥቦ ልል ሆኗልና አንገት ለመማር አይመችም። አቡጀዲ ግዢ። እኛ ጎጃሞች በዚህ አንቸገርም፤ ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሣ የተቋቋመው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የጥጥ ጨርቅ እያመረተ ነው ያደግነው። ከአቡጀዲው ሙሉ ሸሚዝ አትስፊ፤ የትከሻውን ቁራጭ፣ የሁለቱን ፊት ደረት ድረስ፣ መቆሚያውንና ኮሌታውን ብቻ ሰፍተሽ ለአባትሽ አልብሺው። ጋቢያቸውንም ይደርቡበት። አባትሽ እንደ ብዙው የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ኮታቸውን ከላይ ለብሰው ጋቢ የሚደርቡ ከሆነ፣ ኮሌታው በሁለት ልብስ ይጨመቃል፤ መቆሚያው ከኋላ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የሚታጠፈው ደግሞ 4.5 ሆኖ መቆሚያውን ይሸፍን። ከፍ ያለ ኮሌታ በፎቶ ያምራል፤ ጋቢ ሥር ግን ማጅራት ይፈጃል።

ስትቆርጪ ጨርቁን በድሩ አቅጣጫ እጠፊው፤ የጨርቁ ዳርና ዳር ተገጣጥሞ እጥፉ ሳይጣመም መተኛት አለበት። ጀርባና ፊት በድሩ ቁመት ይውረዱ። የትከሻው ቁራጭና ካፉ ድሩ በአግድም ሄዶ ይቆረጡ፤ እነዚህ መለጠጥ የለባቸውም። ምልክት ለማድረግ ያለቀች የሳሙና ስባሪ ከጠመኔ ትሻላለች፤ ስትታጠብ ትጠፋለች። የእያንዳንዱን ቁራጭ መካከል፣ የጀርባውን፣ የትከሻውን፣ የመቆሚያውን፣ የኮሌታውን፣ በ3 ሚሊ ሜትር ቁርጥ ምልክት አድርጊበት። እነዚያ ትንንሽ ቁርጦች ኋላ ዓይንሽ ይሆናሉ።

ለኮሌታው፣ ለመቆሚያውና ለካፉ በካውያ የሚጣበቅ ገበር ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ላይ ብቻ፤ ለኮሌታው የላይኛው፣ ለመቆሚያው የውጭኛው። ገበሩ የስፌቱ ትርፍ ውስጥ አይግባ፤ ጠርዙን ያወፍረዋል። ካውያውን አታንሸራቺ፤ ጫን አድርገሽ እስከ አስር ቁጠሪና አንሺ፣ ወደሚቀጥለው ቦታ አስቀምጪ።

መርፌሽ 80 ቁጥር ይሁን፤ ስፌትሽ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል። ሲንጀርሽ ቁጥር ከሌላት ስፌቱን በሜትር ለኪ፦ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አራት ስፌት። ውጥረቱን በዚያው ጨርቅ ቁራጭ ላይ ፈትኚ። የእግር መኪና ስላለችሽ አትዘኚ፤ ለኮሌታ ከኤሌክትሪኳ ትሻላለች እላለሁ፤ ጫፉ ጋ ስትደርሺ መንኮራኩሩን በእጅሽ እያዞርሽ አንድ አንድ ስፌት መሄድ ትችያለሽ። መብራት ሲጠፋም አትቆምም።

አሁን መስፋት። መጀመሪያ የትከሻው ቁራጭ። ይህ ሁለት ድርብ ነው፤ ሸክም የሚያርፈው እዚያ ነውና ነጠላ አታድርጊው። የጀርባውን የላይ ጠርዝ በሁለቱ የትከሻ ቁራጮች መካከል አስገብተሽ ሦስቱን አንድ ላይ ስፊ፤ ጀርባው መካከል ላይ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን እጥፋት ብትተይለት አባትሽ እጃቸውን ወደ ፊት ሲዘረጉ አይወጥራቸውም። ከዚያ የውጭኛውን የትከሻ ቁራጭ ከፊቶቹ ትከሻ ጋር ፊት ለፊት አገናኝተሽ በስፒል ያዢ። ሸሚዙን ከታች ጀምረሽ እንደ እንጀራ ጠቅልይው፤ ጥቅሉ ትከሻው ጋ ሲደርስ የውስጠኛውን የትከሻ ቁራጭ በጥቅሉ ላይ አዙረሽ አምጪና በፊቶቹ ሌላ ገጽ ላይ አልብሺው። አሁን ጥቅሉ በመካከል ተደብቋል። ትከሻውን ሰፍተሽ ጥቅሉን በአንገቱ በኩል ጎትተሽ ብታወጪው ስፌቱ ሁሉ ውስጥ ተደብቆ ታገኚዋለሽ። ሁለተኛውም ትከሻ እንዲሁ።

የፊቱ ጠርዝ በኮሌታው ላይ ፍርድ ይሰጣል። አባቶቻችን የለበሱት እጀ ጠባብ በራስ የሚጠለቅ ነበር፤ የፈረንጁም ሸሚዝ ለረጅም ዘመን እንደዚያው በራስ ይጠለቅ ነበር። ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚከፈተው ሸሚዝ በእንግሊዝ አገር የተመዘገበው በ1871 (እ.ኤ.አ.) ነው። በራስ የሚጠለቅ ልብስ አንገቱ አንድ ሙሉ ነገር ነው፤ የሚከፈተው ግን ሁለት ጫፍ አለው፤ ሁለቱ ጫፍ እኩል ካልሆነ ሁሉም ያየዋል። ስለዚህ ሁለቱን የፊት ጠርዞች በ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት አጥፈሽ ከሰፋሽ በኋላ፣ ኮሌታ ከመንካትሽ በፊት፣ ሁለቱን ፊቶች አጣምረሽ ከአንገት እስከ ታች አስተያያቸው። አንዱ በ2 ሚሊ ሜትር ቢረዝም እዚህ አስተካክይ። ኮሌታው ላይ ከደረሰ በኋላ የሚስተካከልበት መንገድ የለም።

ኮሌታውን ራሱን። የላይኛው ኮሌታ ከታችኛው በሦስት ጎኑ በ2 ሚሊ ሜትር ይብለጥ፤ ሲታጠፍ የሚሄደው መንገድ ይረዝማልና። እኩል ከቆረጥሻቸው የታችኛው ወደ ላይ ብቅ ይላል፤ ጫፎቹም ወደ ላይ ይቀለበሳሉ። ፊት ለፊት አገናኝተሽ ከመካከሉ ጀምረሽ ወደ አንዱ ጫፍ ስፊ፤ ተመልሰሽ ከመካከሉ ወደ ሌላው። ጫፉ ከመድረሱ በፊት ስፌቱን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል አሳጥሪ፤ ጫፉ ላይ ስትደርሺ በቀጥታ አትታጠፊ፤ አንድ ስፌት በሰያፍ አቋርጠሽ ከዚያ ታጠፊ። ይህች አንዲት ስፌት ለጨርቁ መታጠፊያ ቦታ ትሰጠዋለች፤ ሲገለበጥ ጫፉ ሹል ይወጣል። ትርፉን ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ ላይ ወደ 2 ቁረጪ። ትርፎቹን በስፌቱ ላይ አጥፈሽ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዢና ገልብጪው። በመቀስ አትግፊው፤ ይበሳል። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀርከሃ አለ አይደል፤ ከእርሱ አንዲት ስንጥር ወስደሽ ጫፏን አደንዝዢ፤ እኔ ለሠላሳ ዓመት የሠራሁት በእሷ ነው። ተኩሺው፤ ስፌቱ ወደ ታችኛው ኮሌታ በክር ያህል ዞር ብሎ ይተኛ። ጠርዙን 5 ሚሊ ሜትር ገብተሽ በላዩ ስፊበት። ከዚያ በመካከሉ እጠፊው። ሁለቱ ጫፎች አንዱ በሌላው ላይ ሳይተራረፉ መቀመጥ አለባቸው። ካልተቀመጡ አሁኑኑ አስተካክይ፤ ኮሌታው ገና አንገት አልያዘም፤ መተርተር የማይጎዳበት ጊዜ ይህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ኮሌታውን በሁለቱ መቆሚያዎች መካከል አስገቢ። የላይኛው ኮሌታ ፊት ከውስጠኛው (አንገት ከሚነካው) መቆሚያ ፊት ጋር ይገናኝ። የመካከሉን ቁርጥ ከመካከሉ ቁርጥ ጋር በስፒል ወጊ፤ የኮሌታው ጫፎች መካከለኛው መስመር ምልክት ላይ ይረፉ፤ ከሁለቱም ወገን መቆሚያው 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይትረፍ። እንደገና ከመካከል ወደ ጫፍ። ለምን ከመካከል እንደምል ልንገርሽ፤ የአንቺ ኮሌታ ሦስተኛ ጥፋት ይኸው ነውና። ከመኪናዋ እግር ሥር ያሉት ጥርሶች የታችኛውን ጨርቅ እየሳቡ ይወስዱታል፤ የላይኛውን ደግሞ እግሩ ወደ ኋላ ይይዘዋል። 40 ሳንቲ ሜትር ከአንድ ጫፍ ጀምረሽ ያለማቋረጥ ስትሰፊ፣ መጨረሻው ላይ የላይኛው 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ተርፎ ታገኚዋለሽ። ያ ትርፍ ሁሉ አንድ ወገን ላይ ይከማቻል። ከመካከል ስትጀምሪ ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ስፒል በየ4 ሳንቲ ሜትር ካደረግሽ ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

መቆሚያውን ከሸሚዙ ጋር ስታገናኚ፣ አብዛኛው ሰው የውጭኛውን መጀመሪያ ይሰፋና ውስጡን በመጨረሻ ይዘጋዋል። አንቺ ገልብጪው። የውስጠኛውን መቆሚያ ፊት ከሸሚዙ ውስጠኛ ገጽ ጋር አገናኝተሽ ስፊ። ከመስፋትሽ በፊት የአንገቱን ትርፍ በየ1 ሳንቲ ሜትር ተኩሉ በመቀስ ጫፍ ቁረጥ አድርጊው፤ ቀድመሽ ያሰርሽውን ነጠላ ስፌት እንዳትነኪ። ቁርጦቹ እንደ ማራገቢያ ይከፈቱና አንገቱ ቀጥ ብሎ መቆሚያው ላይ ይተኛል፤ መጨማደዱ የሚጠፋው እዚህ ነው። ጫፉ ላይ መቆሚያው ከፊቱ ጠርዝ ጋር እኩል ያብቃ፤ በ1 ሚሊ ሜትር እንኳን ቢወጣ ቀንድ ያበቅላል፣ ቢገባ ደግሞ የፊቱ ጠርዝ ይጎረብጣል። ትርፉን ሁሉ ወደ መቆሚያው ውስጥ አስገብተሽ፣ የውጭኛውን መቆሚያ ታች ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፈሽ የመጀመሪያውን ስፌት ልክ እንዲሸፍን አድርጊና በእጅ በሰፋፊ ስፌት ያዢው። ከዚያ ከውጭ በኩል፣ ዓይንሽ እያየ፣ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ገብተሽ በመኪና ዝጊው። ሰው የሚያየው ስፌት አንቺ እያየሽ የሰፋሽው ይሆናል።

እጅጌውን በአጭሩ። የእጅጌው ስንጥቅ በኋላ በኩል፣ 14 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አንዱን ጠርዝ በቀጭን፣ ሌላውን በ2.5 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ሸፍኚው። ጎኖቹ ሳይዘጉ እጅጌውን ዝርግ እያለ ከብብት ዙሪያው ጋር ስፊ፤ ቀሚስ ላይ እንደለመድሽው ቱቦ አድርገሽ አትግጠሚው። ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ እስከ ሸሚዙ ታች በአንድ ሩጫ ጎኑን ዝጊ። መኪናሽ ጠርዝ መዘምዘሚያ የላትምና አንዱን ትርፍ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቀንሰሽ ሰፋ ያለው ትርፍ በላዩ ታጥፎ እንዲሸፍነው አድርጊና በላዩ ሁለተኛ ስፌት አስኪጂበት። እንዲህ የተዘጋ ጎን ሸሚዙ እስኪያልቅ አይተረተርም። ካፉ ኮሌታውን ለሠራ እጅ አዲስ ነገር የለውም። የታችኛውን ጠርዝ 6 ሚሊ ሜትር፣ እንደገና 6 ሚሊ ሜትር አጥፈሽ ቀምቅሚው።

ካውያ አለሽ ወይ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን አጥብቄ እልሻለሁ፦ ማንኛውም ስፌት በሌላ ስፌት ከመቋረጡ በፊት መተኮስ አለበት። ካውያሽ የከሰል ከሆነ ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም እስኪሆን ጠብቂ፤ ውጭ አውጥተሽ አመዱን አራግፊ፤ ነጭ ጨርቅ ላይ በቀጥታ አታሳርፊው፤ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ በመካከል አድርጊ። አንዲት የፍም ብናኝ የሳምንት ሥራ ታቃጥላለች።

ለወንድ ሸሚዝ የቁልፍ ቀዳዳው በግራ ፊት፣ ቁልፉ በቀኝ ነው። መኪናሽ ቀጥታ ስፌት ብቻ ስለሆነች ቀዳዳውን በእጅ ትሠሪዋለሽ፤ ይህ ጸጋ ነው፤ በእጅ የተሠራ ቀዳዳ ውበቱ ሌላ ነው። ለ11 ሚሊ ሜትር ቁልፍ 13 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ምልክት አድርጊ፤ የፊቱ ቀዳዳዎች በቁመት፣ የመቆሚያው ብቻ በአግድም። ዙሪያውን በጥቃቅን ስፌት አጥሪው፣ ከዚያ መካከሉን ክፈቺ፣ ክርሽን ከንብ ሰም ላይ አሽተሽ ጠርዙን እየቋጠርሽ ዙሪው። ሰም የተቀባ ክር አይጠማዘዝም፣ አይላላም። ከመቆሚያው ቁልፍ ቀጥሎ ያለው በ6.5 ሳንቲ ሜትር፣ ሌሎቹ በየ9 ይውረዱ። ቁልፉን ጨርቁ ላይ አጣብቀሽ አትስፊው፤ ከሥሩ የ2 ሚሊ ሜትር የክር አንገት ተይለት፤ የሚደራረበው ጨርቅ እዚያ ያርፋል።

የመቆሚያውን ቁልፍ ግን ከሁሉ በኋላ ስፊ። አባትሽን ሸሚዙን አልብሺ፣ ኮታቸውንና ጋቢያቸውን ይደርቡ፣ ይቀመጡ፣ ጎንበስ ቀና ይበሉ። በኮሌታውና በአንገታቸው መካከል ሁለት ጣትሽ ከገባ ቁልፉን ምልክቱ ላይ ስፊው፤ አንድ ጣት ብቻ ከገባ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ጠርዙ አውጪው። ከዚያ ከአንሶላው ኮሌታና ከአዲሱ ሁለት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ከጎንና ከፊት። አንዱ ጫፍ አሁንም ከፍ ካለ ከፎቶው ላይ የትኛው ስፌት እንደሆነ እነግርሻለሁ።